«34 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዓመት ብጠብቅ ይረፍድብኛል?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 34 ዓመትሽ ነው፤ ካገባሽ አንድ ዓመት አልፎሻል፤ ባለቤትሽ ትምህርቱን እስኪጨርስ ሁለት ዓመት እንጠብቅ ይላል። አንቺ ደግሞ የሆርሞን ምርመራ አሠርተሽ «ኤኤምኤችሽ (የቀሩትን እንቁላሎች ብዛት የሚጠቁመው ሆርሞን) ዝቅ ብሏል» ስለተባልሽ እንቅልፍ አጥተሻል። በየሦስት ወሩ የምትወጊው መከላከያ መርፌም አምካኝ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በ35 ዓመቴ ጀምሬ፣ በ38 ዓመቴ አንዲት ልጅ ወልጄ፣ ሁለተኛውን ያላገኘሁ ሴት ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ግን መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ፤ ስንት ልጅ ነው የምትፈልጊው? እኔን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚለኝ ግን ሞልቶ ነበር። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጅ እንደምንፈልግ ከመጋባታችን በፊት ተነጋግረናል፤ ቁጥሩን ከዕድሜዬ ጋር ደምረን ግን አናውቅም። እስቲ አብረን እንደምር። በ36 ጀመርሽ እንበል። ለመፀነስ ስምንት ወር ፈጀብሽ፣ ይህ ምንም ችግር በሌለባቸው ሰዎች ላይም የሚያጋጥም ነው። እርግዝናው ዘጠኝ ወር። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ እንደገና ከማርገዝሽ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል እንድትቆዪ ይመከራል። ለሁለተኛው መሞከር ስትጀምሪ 39 ሊሞላሽ አንድ ወር ቀርቶሻል። እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያዋ አልዘገየሁም፤ ለሁለተኛው ነው የዘገየሁት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ስሌት በኮምፒውተር ሠርተውት ነበር። ያለ አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘርን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ የማገናኘት ሕክምና) እርዳታ የፈለገችውን ያህል ልጅ የማግኘት ዕድሏ 90 በመቶ እንዲሆን፣ አንድ ልጅ የምትፈልግ ሴት ቢዘገይ በ32፣ ሁለት የምትፈልግ በ27፣ ሦስት የምትፈልግ በ23 ዓመቷ መጀመር አለባት ይላል። አትደንግጪ፣ 90 በመቶ ምንም ስጋት እንዳይኖርበት ለሚፈልግ ሰው ነው። 75 በመቶ ይበቃኛል ካልሽ ዕድሜው ወደ 37፣ 34 እና 31 ከፍ ይላል። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ደግሞ 41፣ 38 እና 35። አሁን ራስሽን ፈልጊበት። አንድ ልጅ ከሆነ ሐሳብሽ፣ ሁለት ዓመት መጠበቅ እብደት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ግን ባለቤትሽ የጠየቀሽ ሁለት ዓመት ከየት ላይ እንደሚቀነስ ሁለታችሁም ማወቅ አለባችሁ።

«35 ሲሞላሽ አበቃ» የሚሉሽን ግን ተያቸው። እንደ ገደል ቁልቁል የሚጣልበት ልደት የለም። የመፀነስ አቅም ከ32 አካባቢ ጀምሮ በዝግታ ይቀንሳል፣ ከ37 በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ 782 የአውሮፓ ጥንዶችን በተከታተለ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሚገናኙት መካከል ከ35 እስከ 39 ዓመት ያሉት ሴቶች 82 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀንሰዋል። ከ27 እስከ 34 ያሉት ደግሞ 86 በመቶ። ልዩነቱ ሲያስፈራሩን እንደነበረው አይደለም።

ዕድሜ ይበልጥ የሚጎዳው ከተፀነሰ በኋላ ያለውን ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይነግርሽም። እንቁላሎቻችን አብረውን የተወለዱ ናቸው፣ አብረውን ያረጃሉ፤ ሲያረጁ ክሮሞዞምን (የዘር መረጃ የሚሸከመውን ክር) በትክክል የመከፋፈል ሥራቸውን ይስታሉ። በሃያዎቹ ዕድሜ ከአሥር እርግዝና አንዱ ገደማ ይጨነግፋል፤ በ40 ዓመት ከአሥሩ አራት ያህሉ። የእኔ የመጀመሪያው በዘጠነኛው ሳምንት ጨነገፈብኝ፣ 36 ዓመቴ ነበር። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ መጀመሪያ ስታወራኝ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ ስክሪኑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው። ለወራት ያነሳሁትን ባልዲ፣ የወጣሁትን ደረጃ ስቆጥር ከረምኩ። ገና በጅምሩ ከሚጨነግፈው ግማሽ ያህሉ በክሮሞዞም ስህተት የሚመጣ መሆኑን፣ ባልዲው ምንም እንዳላደረገ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቢደርስብሽ (እንዳይደርስብሽ እመኛለሁ) ባልዲ አትቁጠሪ።

ወደ ኤኤምኤች ልምጣ። ያንን ወረቀት የሰጠሽ ሰው አብሮ ባለማብራራቱ ተናድጃለሁ። ኤኤምኤች የሚነግርሽ የቀሩሽን እንቁላሎች ብዛት በግምት ነው፤ ጥራታቸውን አይነግርሽም፣ በዚህ ወር ትፀንሺ እንደሆነም አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 750 ሴቶች ተከታትለው፣ ኤኤምኤቻቸው ዝቅ ያለውም ከሌሎቹ ባልተናነሰ ፀንሰዋል። በወር የምትለቂው አንድ እንቁላል ነዋ! ቁጥሩ የሚጠቅመው ለአይቪኤፍ ወይም እንቁላል አቀዝቅዞ ለማስቀመጥ በመድኃኒት ብዙ እንቁላል ማውጣት ሲፈለግ ነው። ወር አበባሽ መርፌውን ከመጀመርሽ በፊትም የተዛባ ከነበረ ወይም እናትሽ ከ45 በፊት ካረጡ ግን ለማህፀን ሐኪም ንገሪ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንቁላል አውጥቶ አቀዝቅዞ ማስቀመጥን እኔ አልሞከርኩትም። የማውቀው በ34 የተቀመጠ እንቁላል በ38 ከተቀመጠው እንደሚሻል፣ ያም ሆኖ ልጅ ለመምጣቱ ዋስትና እንደሌለው ነው።

አሁን ባለቤትሽ። ፈሳሽ በማህፀኔ አስገብተው ቱቦዬን በራጅ አይተዋል፣ ደሜን ስንት ጊዜ ቀድተዋል፣ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ እኔ ስመረመር ባለቤቴ መጠበቂያው ወንበር ላይ ስልኩን ይነካካል። አንድ ቀን አንዲት ነርስ «የእሳቸው ውጤትስ?» አለች። ተያየን። በማግስቱ የዘር ፈሳሽ ናሙናውን ቤት ሰጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማድረስ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብልቃጡን በካፖርቱ ውስጥ ብብቱ ሥር አድርጎ ታክሲ ውስጥ እንደ ሐውልት ተቀምጦ ሄደ። እስካሁን ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል። ውጤቱ ግን አላሳቀንም፤ የዘር ፍሬው (የስፐርሙ) እንቅስቃሴ ደካማ ነበር። ሲጋራ አቆመ። የዘር ፍሬ ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተመረመረ፤ ተሻሽሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፀነስኩ። ምክንያቱ ሲጋራው ይሁን አጋጣሚ አልምልልሽም። ግን ያ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ፣ ከሁሉም የማያሳምመው ነበር፤ እኛ ግን መጨረሻ ላይ አስቀመጥነው። ልጅ ባልመጣባቸው ቤቶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። አንቺ 35 ከሞላሽ በኋላ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ሂዱ፤ ዓመት የሚጠበቀው ከ35 በታች ላለች ነው።

ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂው፤ በንዴት ሳይሆን በእርጋታ። «ሁለት ዓመት እንጠብቅ» ሲል ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመር ማለቱ ነው ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ መውለድ? የእኔ ሰውዬ «ቤቱን እስክንጨርስ» ሲለኝ የነበረው መውለዱን ነበር፤ እኔ የሰማሁት መጀመሩን ነው። እርግዝናው ብቻ ዘጠኝ ወር ይወስዳል፣ መሞከሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጊዜ አለው። ከአሁን ጀምሮ ዓመት ሳይሞላ ብትጀምሩ እንኳ ልጁ የሚመጣው እሱ ሲመረቅ አካባቢ ነው። ምናልባት የምትጣሉበት ሁለት ዓመት ጭራሽ የለም።

መርፌው አያመክንሽም፤ በዚያ አትጨነቂ። ግን አንድ ባሕርይ አለው፤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ ዘጠኝና አሥር ወር ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዷ ከዚያም በላይ ትቆያለች። የሚዋጠው መከላከያ እንክብል እንዲህ አያዘገይም። ስለዚህ በመጪው ዓመት ውስጥ ልትጀምሪ ካሰብሽ ከሐኪምሽ ጋር ተመካክረሽ ከአሁኑ ወደ ሌላ መከላከያ መቀየር ይሻላል። ፎሊክ አሲድም ከመፀነስሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምሪ። የፅንሱ አከርካሪ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ስለሆነ፣ ማርገዝሽን ስታውቂ ብትጀምሪው ረፍዶ ሊሆን ይችላል።

ካርድሽን አውጪና ቀጣዩ መርፌ መቼ እንደሆነ እዪ። ከባለቤትሽ ጋር የምትነጋገሩት ከዚያ ቀን በፊት ይሁን።