«አሳማ ላይ ልሥራ ወይስ የዶሮ ጥናት እስኪገኝ ልጠብቅ?» ላልሽኝ

እህቴ፣ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምረሽ ለማስተርስ ዴንማርክ ገብተሻል። ለመመረቂያ ጥናትሽ ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን ያለ አንቲባዮቲክ ማሳደግ የሚል ርዕስ ቀረበልሽ። «አሳማ እምብዛም በማይረባበት አገር ይህ ምን እንጀራ ይሆነኛል? ህሊናዬስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ተቀበይው እላለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ተብሎ መኖ ውስጥ የሚገባውን አንቲባዮቲክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለ። በ2022 ደግሞ በዘልማድ ለመንጋው ሁሉ መስጠትን አገደ፤ የግልገሎቹን ተቅማጥ ለመከላከል በብዛት ይጨመር የነበረው ዚንክ ኦክሳይድም በዚያው ዓመት ቀረ። ዴንማርክማ ከ2010 ጀምሮ ከገደብ በላይ መድኃኒት ለሚጠቀም አርቢ «ቢጫ ካርድ» የተባለ ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። ስለዚህ አሁን የሚፈለገው መድኃኒቱን የማያስፈልግ የሚያደርግ ሐኪም ነው።

ግልገሉ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ በአንድ ቀን ምን እንደሚደርስበት አስቢው። ከእናቱ ይለያል፣ በወተቱ ያገኘው የነበረው መከላከያ ይቋረጣል፣ ደረቅ መኖ ይቀርብለታል፣ ከማያውቃቸው ጋር ይታጎራል። ሳይበላ ውሎ ያድርና ሲርበው ያግበሰብሳል፤ ያልተፈጨው ፕሮቲን አንጀቱ ውስጥ ኢ. ኮላይ ለተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። መኖው ላይ ፎርሚክና ቤንዞይክ አሲድ መጨመር፣ የሚጠጣ ክትባት፣ ፕሮቲኑን መቀነስ ይረዳሉ። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማል የተባለ ባክቴሪያ፣ የሚሸጥልሽም ሞልቷል። ጋጣው ሳይደርቅ ከገቡ ግን ብዙ አትጠብቂ። የታጠበው ክፍል እስኪደርቅ መታገስ፣ ያለፈው ቡድን ተጠራርጎ ሳይወጣ አዲሱን አለማስገባት፣ ጡት ማስጣሉን ማዘግየት፦ ሰው የሚሰለቻቸው እነዚህ ናቸው፣ ጥናትሽም እነሱን ይመዝግብ።

ማለዳ ስትገቢ ምንም ሳትነኪ ቆመሽ አተኛኛቸውን እዪ። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው ከተዘረጉ ሞቋቸዋል። የውሃ መጠጫውን ተጫኚና በአንድ ደቂቃ የሚወርደውን በመለኪያ ለኪ። ይህ ዓይን ካለሽ ቢሾፍቱ ዶሮ ቤት ስትገቢም ጉዝጓዙን ጨብጠሽ እርጥበቱን ታውቂያለሽ፤ ያለ ምርመራ ውሃ ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚበጠብጠውን አርቢም በምን እንደምትተኪለት ታሳዪዋለሽ። እዚያ ነው አገርሽ የምትፈልግሽ።

ስለ ህሊናሽ ያልሽውን ግን እንደ ቀላል አላየውም። ማከም ከመብላት ይለያል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ሳይከነክንሽ እንድትሠሪ ከንስሐ አባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ በረት ውስጥ መሥራት ከጀመርሽ በኋላ ሆስፒታል ከሄድሽ ከአሳማ ጋር እንደምትውዪ ንገሪያቸው፤ መድኃኒት የተላመደው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በእርባታዎቹ ስላለ ይመረምሩሻል።

አማካሪሽን ከመስማማትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የእርባታውን የመድኃኒት መዝገብ ማየት ትችያለሽ ወይ? ከላቦራቶሪው ውጭ በረት ውስጥ የምትውይው በሳምንት ስንት ቀን ነው? መልሱን ላኪልኝና የማመልከቻ ደብዳቤሽን አብረን እናየዋለን።