ደንገጎ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ፓይለት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። 20 ዓመቴ ነው፣ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ። ናይሮቢ ያለችው አክስቴ ክረምት ላይ ስሄድ ከአስተማሪ ጋር ለአንድ ሰዓት አውሮፕላን የሚያበሩበት ቦታ ልትወስደኝ ቃል ገብታልኛለች። ግን ወደ ሐረር ስንሄድ ደንገጎ ዳገት ላይ ሁሌ ያቅለሸልሸኛል። አባቴ ደግሞ "ብሩን ከሰማይ ላይ ከምትበትኚው ለትምህርትሽ ይሁንሽ" ይላል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሂጂ እንጂ! አባትሽ ግን ግማሹ እውነት አለው፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ደንገጎን እንገላገለው። እስቲ አስቢ፣ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ሲወጣ ሹፌሩን አቅለሽልሾት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። የሚያስመልሰው ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ስልኩን የሚነካካው ነው። ዓይንሽ ቆመሻል ይላል፣ ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ እየዞርሽ ነው ይላል፣ ሆድሽ መሃል ላይ ይቀራል። መሪውን የያዘ ሰው ግን ወዴት እንደሚታጠፍ ቀድሞ ስለሚያውቅ ብዙም አይሰማውም። አውሮፕላን ላይም ያው ነው። ዓይንሽን ሰማይና ምድር ከሚገናኙበት መስመር ላይ አድርጊ፣ የጠዋት ሰዓት ያዢ፣ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ጠግበሽም አትሂጂ። ለአስተማሪው ቀድመሽ ንገሪው፣ አያሳፍርም። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት በረራዎች አቅለሽልሾት ኋላ ይለምደዋል።

ያቺ በረራ ዲስከቨሪ ፍላይት ትባላለች። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ የመጀመሪያዋን የወሰድኩት እዚያው ናይሮቢ፣ ዊልሰን ኤርፖርት ነው። ትንንሽ አውሮፕላኖችና የበረራ ትምህርት ቤቶች የሞሉበት ቦታ ነው። ምናልባት የምትጠብቅሽ ሴስና 172 ትሆናለች፦ ክንፏ ከላይ፣ ሞተሯ አንድ፣ ወንበሯ አራት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች፣ በዓለም ላይ እሷን ያህል የተመረተ አውሮፕላን የለም። ስታያት "በዚህች ነው የምንነሳው?" ማለትሽ አይቀርም። በሯ ከላዳ ታክሲ በር የባሰ ቀላል ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት አስተማሪው አውሮፕላኗን ዙሪያዋን እየዞረ ይፈትሻታል። ነዳጁን ያያል፣ ዘይቱን ያያል፣ የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በእጁ ይነካል። ተከተይው፣ ጠይቂው፣ የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። ከዚያ አንቺን በግራ ወንበር ያስቀምጥሻል። ካፒቴን የሚቀመጥበት ማለት ነው! እሱ በቀኝ ይሆናል፣ መሪና ፔዳል ለሁለታችሁም አለ፣ ስለዚህ ብትሳሳቺ ወዲያው ይቀበልሻል። እኔ መሬት ላይ ስናኮበኩብ መሪውን እንደ መኪና አዞርኩት፣ አውሮፕላኗ ግን ከነጭራሹ ሳትሰማኝ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አስተማሪው እየሳቀ እግሬን አሳየኝ። ለካ መሬት ላይ የምትታጠፈው በፔዳል ነው! አየር ላይ ስንወጣ ደግሞ መሪውን ጨብጬ ይዤ እጄ ላበው። "በሁለት ጣት ያዛት" አለኝ። ለቀቅ ሳደርግላት ቀጥ ብላ በረረች። ከታች የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አንድም እንስሳ አላየሁም፣ ዓይኔ ከመሳሪያዎቹ አልተነሳም። ይሄም ስህተት ነው፣ ጀማሪ ውጭ ውጭውን ነው ማየት ያለበት።

አሁን ወደ አባትሽ። በአንድ ሰዓት ማንም አውሮፕላን ማብረር አይማርም። ሰዓቷ የምትጠቅመው ሥራውን ትወጂው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሲነሳ የሚያስለቅስ ደስታ ሁሉም አለው፣ አንቺ ግን ሌላውን እዪ። ፍተሻው ሰለቸሽ? በሬዲዮ የሚወራው አናደደሽ? አስተማሪው ሲያርምሽ ተከፋሽ? የፓይለት ውሎ አብዛኛው እሱ ነው። ስትወርጂ ደግሞ ሰዓቱን በሎግ ቡክ፣ የበረራ ሰዓት በሚመዘገብበት ደብተር ማለት ነው፣ ላይ ፈርሞ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፣ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር የበረርሽው ከሆነ ኋላ ይቆጠርልሻል።

ከበረራው ወርደሽ በስሜት ለሙሉ ኮርስ እንዳትከፍይ ግን አደራ። ክፈይ የሚልሽ ሰው እዚያው ወረቀት ይዞ ይጠብቅሻል። እኔ የከፈልኩበት አንድ ትምህርት ቤት ገንዘቤን በአንዴ ተቀብሎ አውሮፕላኑ ለወራት ጋራዥ ገባ፣ እኔም በየጠዋቱ እየሄድኩ ሻይ ጠጥቼ መመለስ ሆነ ሥራዬ። በየበረራው ወይ በትንሽ በትንሹ ክፈይ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የፓይለት የጤና ምርመራ አድርጊ፣ አንደኛ ክፍል የሚባለውን፣ ለሥራ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ስንቱ ብሩን ከጨረሰ በኋላ ነው የማያልፍበት ችግር እንዳለው የሚሰማው።

መንገዱ ረጅም ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የግል አብራሪ ፈቃድ ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ይጠይቃል፣ ብዙ ሰው ግን 60 እና 70 ሳይደርስ አይጨርስም። ተቀጥሮ ለመሥራት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱ 200 ሰዓት ነው፣ በተፈቀደ ሙሉ ኮርስ ከሆነ 150። የትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን ደግሞ 1,500። ከውጭ ፈቃድ ይዘሽ ብትመጪ እዚህ እንዲሠራልሽ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማጽደቅ አለበት። አገር ቤት ያለው ዋናው በር የአየር መንገዱ ማሰልጠኛ ነው፣ አዲስ አበባ። ማስታወቂያ ሲወጣ መስፈርቱን አንብበሽ ትወዳደሪያለሽ፣ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ጤና አለ። ስለዚህ አካውንቲንጉን አትተዪ፣ ሂሳብና እንግሊዝኛሽን አጥብቂ። "ሴት ልጅ ምን..." የሚልሽ ካለ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች በይው፣ አልቋል።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው የምጽፈው። የ15 ዓመት ልጄ አብራሪ ካልሆንኩ ይላል። ግን መነጽር ያደርጋል። ጎረቤት ሁሉ "መነጽር ያለውን አይነኩትም" እያለ ልጄን አስከፋው። እውነት ነው?

መልስ፦ ድሬ ብንሆን "አንቺ" ብዬሽ እገላገል ነበር፣ ሐረር ነዎትና አንቱ ልበልዎት እናቴ። ጎረቤት ተሳስቷል። በዓለም አቀፉ ደንብ ለሥራ አብራሪ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ዓይን ቢያንስ 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት ማለት ነው)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያይ ነው፣ በመነጽርም ቢሆን። መነጽር የሚያደርግ አብራሪ ሲበር ትርፍ መነጽር አብሮት መያዝ አለበት፣ በቃ። ቀጣሪ ድርጅት ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል ማስታወቂያውን ማንበብ ግን የግድ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ቀለም መለየቱ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፣ ሳያውቁትም ያድጋሉ። በነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የተደበቀበት ምርመራ አለ፣ የዓይን ሐኪም ጋ ደቂቃ አይፈጅም። አሁኑኑ ያስመርምሩት።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነኝ። ከድሬ ከሰዓት በኋላ ስበር አውሮፕላኑ ይንገላታል፣ ጠዋት ግን ጸጥ ይላል። ፓይለቱ ነው ወይስ ምን?

መልስ፦ ፓይለቱን ተወው ወንድሜ፣ ፀሐይዋ ናት። መሬቱ ሲግል ትኩስ አየር እየተነሳ ከታች ይገፋሃል፣ ዙሪያው ተራራ መሆኑ ደግሞ ይብሳል። ሌላም አለ፣ ሙቅ አየር ስስ ነው። የድሬ ኤርፖርት ከፍታው 1,160 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን ለሞተሩና ለክንፉ 2,100 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሆንባቸዋል። ማለትም አውሮፕላኑ ድሬ ቆሞ ከሐረር በላይ ያለ ይመስለዋል! ለመነሳት ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት፣ ሲወጣም ይከብደዋል። ተማሪ አብራሪዎች ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ የሚገኙት ለዚህ ነው። አንተም ትኬት ስትቆርጥ የጠዋቱን ጠይቅ።