ማን ይሸጥ? ክለብ ውስጥ መሥራት ለምትመኙ ወጣቶች

ቡድን ሲወድቅ ሁሉም ሰው የሚሸጡ ተጫዋቾችን ስም ይደረድራል። ደጋፊው ያናደዱትን ይጽፋል፤ መብቱ ነው። እናንተ ግን ነገ ይህን ሥራ ስትይዙ ዝርዝራችሁ ከእሱ ጋር አንድ ከሆነ፣ ሥራችሁን አልሠራችሁም። ዕድሜዬን በተጫዋች መልማይነትና በአሰልጣኝነት ፈጅቻለሁ። በየስብሰባው መጀመሪያ የሚነሳው ስም ሁሌም ያው ነው፦ ባለፈው ወር የደከመው ልጅ።

እሺ፣ እሱን ማን ይገዛዋል? ደመወዙ ከፍ ያለ ነው፤ ሌላ ክለብ ያንን አይከፍለውም። ተጫዋቹም ሞኝ አይደለም፣ ውሉን ይዞ ይቀመጣል። አርሰናል ከኦዚል ጋር በ2021፣ ከኦባሜያንግ ጋር በ2022 የተለያየው ውል አፍርሶ ነው። ሁለቱም በነጻ ሄዱ። ደመወዙ ቀለለ እንጂ ገንዘብ አልገባም።

ገንዘብ የሚያመጣው የምትወዱት ተጫዋች ነው። እዚህ ላይ ነው ልብ የሚፈተነው። ሊቨርፑል በጥር 2018 ኩቲንሆን ለባርሴሎና ሲሸጥ ብዙ ደጋፊ ከፍቶት ነበር። ነገር ግን ቡድኑ ጎል ማግባት አላቃተውም፤ ችግሩ ከኋላ ነበር። ተከላካዩ ቫን ዳይክ በዚያው ወር በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ገባ፣ በቀጣዩ የዝውውር መስኮት ግብ ጠባቂው አሊሰን ተከተለ። በ2019 ሻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግ መጣ። ባርሴሎና ደግሞ ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ ገንዘቡን በዴምቤሌና በዚሁ በኩቲንሆ ላይ አፈሰሰው። ከሁለቱ ክለቦች ማን የጎደለውን እንዳወቀ እናንተው ፍረዱ።

ስለዚህ ስም ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሰው ሲሄድ ሥራውን ማን ይሠራዋል? ሪያል ማድሪድ በዚህ ጥያቄ አንዴ ወድቋል፣ አንዴ አልፏል። በ2003 ኳስ ነጣቂውን አማካይ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ቤካም መጣ፤ ኳስ የሚነጥቅ ግን አልመጣም። ክለቡ እስከ 2007 ድረስ ሊጉን አላነሳም፤ ቼልሲ ግን በ2005 እና በ2006 ሻምፒዮን ሆነ። በ2022 በዚያው ቦታ የሚጫወተው የ30 ዓመቱ ካሴሚሮ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሄድ ግን ሥራውን የሚረከቡት ካማቪንጋና ቹዋሜኒ አስቀድመው ቤት ገብተው ነበር። ምትክ ተጫዋች መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ነባሩ ይሸኛል። ተቃራኒው ሲሆን ሻጮቹ ኪሳችሁ መሙላቱን ስለሚያውቁ ዋጋ ይቆልሉባችኋል።

የውል ነገር አጭር ነው። የተጫዋቹ ውል ሁለት ዓመት ሲቀረው ወይ አድሱ ወይ ሽጡ። ከ1995ቱ የቦስማን የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ ይሄዳል፤ ሌዋንዶቭስኪ በ2014 ከዶርትሙንድ ወደ ባየርን የሄደው እንደዚያ ነው።

ሂሳብ ክፍሉንም ስሙ፣ ግን እሱ አይምራችሁ። በ50 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት የተገዛ ተጫዋች ዋጋው በመዝገብ ላይ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ይቀንሳል። ሦስት ዓመት ከተጫወተ በኋላ ከ20 ሚሊዮን በታች ከሸጣችሁት ኪሳራ ነው። ከክለቡ የወጣቶች አካዳሚ ያደገ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል። ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን ለመሸጥ የሚቸኩሉት ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ነገር አልወደውም። መዝገቡን ያሳምራል እንጂ ቡድን አይሠራም።

ዕድሜም ብቻውን አያሳምናችሁ። የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን በ1995 ነባሮቹን ኢንስን፣ ሂዩዝንና ካንቼልስኪስን ሸኝተው በወጣቶቹ በእነቤካምና ስኮልስ ሁለት ዋንጫ በሉ። እኚሁ ሰው በ2001 የ29 ዓመቱን ተከላካይ ስታምን ለላዚዮ ሸጡት፤ ኋላ ራሳቸው ስህተት ነበር አሉ። ስታም በ2005 ከሚላን ጋር የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ተጫውቷል።

ከወሰናችሁ በኋላ ለተጫዋቹ ራሳችሁ ንገሩት። ከወኪሉ በፊት፣ ከጋዜጠኛ በፊት። ምክንያቱን አትሸፋፍኑ። መልበሻ ክፍል የሚቀሩት ጓደኞቹ እንዴት እንደሸኛችሁት እያዩ ነው፤ በሚቀጥለው መስኮት ውል እንዲያድሱላችሁ የምትለምኗቸው እነሱን ነው።