የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለዜናው የከፈለው ማነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደሴ የምኖር አስተማሪ ነኝ። እቁብ ወጥቶልኝ 80 ሺህ ብር ይዣለሁ። የአንድ ባንክ አክሲዮን ልግዛበት ብዬ ሁለት ወር ሙሉ የቢዝነስ ዜና ሳነብ ከረምኩ። ስለ ባንኩ አንድም ክፉ ነገር አላየሁም። አንዱ ጋዜጣ “ትርፉ በእጥፍ አደገ” ይላል፣ ሌላውም ቃል በቃል ያንኑ። ገጹን ስገልጥ ደግሞ የባንኩ ማስታወቂያ ሙሉ ገጽ ይዟል። ባለቤቴ “ተከፍሏቸው ነው” ይላል። እውነት ዜና በማስታወቂያ ይገዛል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ግን “እንካ ብር፣ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ” የሚባልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ለማንም ምንም አይልም።

ወጣት ሪፖርተር ሳለሁ የአንድ ባንክ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተላክሁ። በር ላይ ፎልደር ታደለን፤ ውስጡ ተጽፎ ያለቀ ዜና፣ እስክሪብቶና ፖስታ አለ። ፖስታው ውስጥ “የትራንስፖርት” የተባለ ብር። የዓመቱን ሪፖርት ሳገላብጥ የተበላሸ ብድሩ (ተበዳሪዎች በጊዜው ያልመለሱት) ከአምናው መጨመሩን አየሁና ዜናዬ ውስጥ አንድ መስመር ጻፍኩ። ጋዜጣው ሲወጣ መስመሯ የለችም። አዘጋጄን ጠየቅሁት። “ቦታ ጠበበን” አለኝ። ከዜናው ሥር የዚያው ባንክ የእንኳን አደረሳችሁ ማስታወቂያ ሩብ ገጽ ወስዷል። የደወለለት ሰው የለም፤ የሁላችንም ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ራሱ አስቦ ነው የቆረጣት። እኔም ፖስታውን መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። እንግሊዝ ውስጥ የዴይሊ ቴሌግራፍ ዋና የፖለቲካ ተንታኝ የነበረው ፒተር ኦቦርን እ.ኤ.አ. በ2015 የካቲት ላይ ሥራውን የለቀቀበትን ምክንያት በአደባባይ ጻፈ። የኤችኤስቢሲ ባንክ የስዊዘርላንድ ቅርንጫፍ ሀብታም ደንበኞቹን ከታክስ እንዲሸሹ ይረዳ እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶች በዚያው ወር ወጥተው ነበር። የሌሎቹ ሚዲያዎች ትልቅ ወሬ ይኸው ነበር። ኦቦርን የራሱን ጋዜጣ ገልጦ ቆጠረ፦ ሰኞ ምንም የለም፣ ማክሰኞ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ስድስት አጫጭር አንቀጾች፣ ረቡዕ ቢዝነስ ገጾቹ ውስጥ ገባ ብሎ ሰባት አንቀጽ። እሱ እንደሚለው፣ ጋዜጣው ከዚያ በፊት ጀርሲ ደሴት ላይ ስላሉ የባንኩ ሂሳቦች የምርመራ ዘገባ ሲሠራ ባንኩ ማስታወቂያውን አቁሞ ነበር፣ የመለሰውም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቴሌግራፍ ክሱን አልተቀበለም። እኔ ግን የአንቀጾቹ ቁጥር ራሱ ይናገራል ባይ ነኝ።

በጥናትም ተይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚጽፉ ሦስት የአሜሪካ መጽሔቶችን ሲመረምር፣ ማስታወቂያ የሚሰጧቸውን ኩባንያዎች የኢንቨስትመንት ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛባቸው) ለአንባቢ የመምከር ዝንባሌ አገኘባቸው። በኒውዮርክ ታይምስና በዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ግን ይሄ አልታየም። እንደኔ ከሆነ ነገሩ ማስታወቂያ የሚሰጠው አንድ ደንበኛ ሲቀየም ጋዜጣው ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ነው። እኛ ጋ ስንቱ ይተርፋል?

ስለዚህ የምታነቢው ዜና ውሸት ላይሆን ይችላል። ትርፉ እውነትም በእጥፍ አድጎ ይሆናል። የጎደለውን ፈልጊ። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ባንክ ቢያንስ ሊኖረው የሚገባውን ካፒታል (ባለአክሲዮኖች ያዋጡትን ገንዘብ) ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ከርመዋል። ትርፉ ሁለት እጥፍ ሆኖ የአክሲዮኑ ቁጥር ሦስት እጥፍ ከሆነ ለአንዷ አክሲዮን የሚደርሰው ቀነሰ ማለት ነው። ሙገሳው ዜና ይቺን ሂሳብ አይሠራልሽም።

ወደ ባንኩ ሂጂና በውጭ ኦዲተር የተመረመረውን የሦስት ዓመት ሪፖርት ጠይቂ። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ግርጌ ላይ በአንድ አክሲዮን የተገኘው ትርፍ ተጽፎ ታገኛለሽ። ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጪ። የተበላሸ ብድሩንም እንዲሁ። ሪፖርቱን ለመስጠት ካንገራገሩ 80 ሺህሽን ይዘሽ ተመለሺ፣ ለእኔም ጻፊልኝ።