የሚያፈስ ባለ አንድ ሜትር አኳሪየም፦ ሲሊኮን አይደርቡ፣ ቁመቱን ያስቀንሱ

ጠያቂው ሦስት ጎልድፊሽ አሏቸው። የ40 ሊትሩ አኳሪየም ስለጠበባቸው ያገለገለ 100 በ40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ በርካሽ ገዙ። መስታወቱ 6 ሚሊሜትር ነው። ውሃው ከግማሽ ሲያልፍ የታችኛው ግራ ማዕዘን ይረጥባል፤ የፊቱ መስታወት መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ከውስጥ በጥቁሩ ሲሊኮን ላይ ነጭ ተቀብቷል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ከሥሩ ወለል ላይ ነው። «ሌላ ሲሊኮን ልጨምርበት?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ አይጨምሩ። ነጩ በጥቁሩ ላይ ተቀብቷል ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰውም ሲያፈስበት በላዩ ላይ ቀባ፣ ሸጠውም። አዲስ ሲሊኮን የደረቀ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም፤ የሚይዘው ንጹሕ መስታወት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጥገና ስንት ጊዜ ፍቄ እንዳነሣሁ! ማፍሰሱ ግን የበሽታው ምልክት ነው እንጂ በሽታው መስታወቱ ለቁመቱ መሳሳቱ ነው።

አሁኑኑ ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማከፋፈያውን ከወለሉ ያንሡ፣ ከዚያ ውሃውን ያውጡ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው መስታወቱን የሚገፋው የውሃው ብዛት ይመስለዋል። አይደለም፤ ጥልቀቱ ነው። ግፊቱ ከላይ፣ በውሃው ገጽ ዘንድ ዜሮ ነው፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይጨምራል። ቁመት ሲጨምር ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይጨምራል፦ የታችኛው ግፊትም፣ የሚገፋው የመስታወት ስፋትም። ስለዚህ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጠቅላላው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በእርስዎ አኳሪየም እናስላው። እስከ 50 ሳንቲሜትር ሲሞላ የፊቱን መስታወት የሚገፋው ኃይል ወደ 125 ኪሎ ይደርሳል። 40 ላይ ቢያቆሙት 80 ኪሎ ብቻ ነው። ውሃው የቀነሰው ከ200 ወደ 160 ሊትር፣ አንድ አምስተኛ ነው፤ ግፊቱ ግን ከሲሶ በላይ ወረደ። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ስፋት በእጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ የፊቱ መስታወት ምንም አይሰማውም። ለዚህ ነው ገንዘብ ያጠረው ሰው ረጅምና ሰፊ፣ ግን አጠር ያለ ይግዛ የምለው። ላዩ ላይ ማሰሪያ (መስታወቱ እንዳይጎብጥ ጠርዙን የሚይዝ የመስታወት ቁራጭ) ለሌለው 50 ሳንቲሜትር ቁመት 10 ሚሊሜትር መስታወት ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ዓሣውም ቢሆን የሚጠቀመው ከውሃው የላይኛው ገጽ ስፋት ነው፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ። በተለይ እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ገጹ ሰፊ ይሁን።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። በምላጭ ሲሊኮኑን አንድም ሳይቀር ያንሡ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ አራቱን ግድግዳዎች መስታወት ቤት ወስደው ወደ 40 ሳንቲሜትር ያስቆርጡ (ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት ከሆነ ግን አይቆረጥም፣ ይፈነዳል)። በተራፊው መስታወት ላዩ ላይ ከፊትና ከኋላ ባለ 5 ሳንቲሜትር ማሰሪያ፣ መሃል ላይም ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ አገናኝ ያድርጉ። ያለዚህ ማሰሪያ 6 ሚሊሜትሩን አላምነውም። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ርካሹ ፀረ ሻጋታ ይዞ ዓሣ ይገድላል። አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ ሞልተው ሁለት ቀን ይዩት።

ከነውሃው፣ ከነመስታወቱና ከነአሸዋው ከ200 ኪሎ ይበልጣል። ስለዚህ የቺፑድ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አይሆንም፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። በቱቦላሬ ያስበይዱ፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ከሥሩ ፎም ያንጥፉ። ለሂተር (ውሃ ማሞቂያ) ገንዘብ አያውጡ፤ ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ያንን ገንዘብ ለተጨማሪ የስፖንጅ ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ) ያድርጉት።

የድሮውን የፊልተር ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። እንዳለ ወደ አዲሱ ያዛውሩት። አዲሱን ውሃም በክፍት ባልዲ አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩ።

እንደገና ልድገመው፦ እጅዎ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑም መብራቱም ከሶኬት ይነቀል። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ጠብታው ወለል ላይ እንዲያርፍ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ። ማከፋፈያው ግድግዳ ላይ፣ ከአኳሪየሙ ጎን ይሰቀል።