ለቶኪዮ የእግር ጉብኝት የግል አስጎብኚ መቅጠር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በመጋቢት ወር መጨረሻ ከእናቴ ጋር ለአምስት ቀናት ወደ ቶኪዮ እንሄዳለን። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እግራቸው ደኅና ነው፣ ደረጃ ግን ያደክማቸዋል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ይጾማሉ፤ በጾም ደግሞ ዓሣም አይበሉም። አንድ ወዳጃችን የግል አስጎብኚ ቀጥረን ከተማዋን በእግር እንድናይ መክሮናል፤ ዋጋው ግን ለእኛ ቀላል አይደለም። በስልክ ካርታ እየተመራን ራሳችን ብንዞር ምን ይቀርብናል? ብንቀጥርስ አስቀድመን ምን መጠየቅ አለብን?
አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ለአምስቱም ቀናት አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። ለአንድ ቀን፣ ያውም ለመጀመሪያው ሙሉ ቀን ከሆነ ግን፣ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ቀን የምመርጠው በዚያን ዕለት የሚማሩት ነገር የቀሩትን አራት ቀናት ስለሚያቀልልዎ ነው።

የቶኪዮ ዝነኛ ቦታዎች በቀላሉ ይገኛሉ፤ የባቡር ጣቢያዎቹ ስም በላቲን ፊደልም ተጽፏል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ችግሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ከወረዱ በኋላ ነው። አብዛኞቹ መንገዶች ስም ስለሌላቸው አድራሻ የሚነገረው በወረዳ፣ በሰፈርና በብሎክ ቁጥር ሲሆን፣ የቤት ቁጥሮቹም መንገዱን ተከትለው በተርታ የሚሄዱ አይደሉም። ካርታው እስከ ሕንፃው በር ድረስ ቢያደርስዎትም፣ የፈለጉት ምግብ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሆንና ምልክቱም በጃፓንኛ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያስተናግደው የሺንጁኩ ጣቢያ ደግሞ ከ200 በላይ መውጫዎች አሉት። በተሳሳተው መውጫ ከወጡ እናትዎ ረጅም መንገድ ተመልሰው መሄድ፣ ምናልባትም የማያስፈልግ ደረጃ መውጣት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ አስጎብኚውን በየጣቢያው ሊፍት ያለበትን መውጫ እንዴት እንደሚለዩና የባቡር ካርድ ላይ ገንዘብ እንዴት እንደሚሞሉ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።

አንዳንድ አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ስድስትና ሰባት ሰፈር እናሳያችኋለን ይላሉ፤ ይህን አይቀበሉ። ሁለት ሰፈር ይበቃል፤ ከተመረጡም አሳኩሳና ያናካ ቢሆኑ እመርጣለሁ። በአሳኩሳ የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ መግቢያ በሆነው በካሚናሪሞን በር ላይ 3.9 ሜትር ቁመትና 700 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው ቀይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። ብዙ ጎብኚ ከፊቱ ፎቶ ተነሥቶ ያልፋል፤ ከሥሩ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ግን በፋኖሱ ግርጌ የተቀረጸውን ዘንዶ ያያል። ጥንታዊ የሚመስለው ዋናው ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1958 እንደገና የተሠራ ነው። በሩም በ1865 ተቃጥሎ ለ95 ዓመታት ያህል ሳይተካ ከቆየ በኋላ፣ የፓናሶኒክ መሥራች ማትሱሺታ ኮኖሱኬ በሰጡት ገንዘብ በ1960 ተተክሏል። ከዚያ በኋላ ከ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ከጦርነቱ እሳት በአብዛኛው ወደ ተረፈው ያናካ ቢሄዱ፣ በጠባብ መንገዶቹና በእንጨት ቤቶቹ መካከል የጠፋችው ቶኪዮ ምን ትመስል እንደነበር ይገባዎታል። ይህን ንጽጽር በሚገባ የሚያስረዳ ሰው አብሮዎት ሲኖር የተከፈለው ገንዘብ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

የእናትዎ ጾም ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የጃፓን ምግብ አትክልት የበዛበት ስለሆነ ለጾመኛ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ዳሺ የሚባለው መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በሾርባው፣ በኑድሉ መረቅና በተቀቀለው አትክልት ውስጥ ሁሉ አይጠፋም። አስተናጋጁን «ዓሣ አለበት?» ቢሉት ቁራሽ ዓሣ ስለሌለበት ብቻ በቅንነት «የለበትም» ሊልዎት ይችላል። አስጎብኚው ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ እንደማይበሉ በጃፓንኛ በወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎት ያድርጉ፤ ወረቀቱ በቀሩት ቀናትም ያገለግልዎታል። ሾጂን ርዮሪ የሚባለው የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ያለ ሥጋና ያለ ዓሣ የሚሠራ ነው፤ እርሱን የሚያቀርቡ ቤቶች ብዙ ጊዜ የቅድሚያ ቀጠሮ ስለሚፈልጉ፣ አስጎብኚው ከመምጣታችሁ በፊት ስልክ እንዲደውል ይጠይቁት። መረቁንና ማጣፈጫውን በስም ጠቅሶ ያጣራላችሁ።

እናትዎ በዕድሜያቸው የአበበ ቢቂላን ድል ሳያስታውሱት አይቀሩም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው በዚህችው ከተማ ነው። ውድድሩ የተጀመረበትና ያለቀበት ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም ተሠርቷል፤ ሰለሞን ባረጋም እ.ኤ.አ. በ2021 የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ያገኘው እዚያው ነው። ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ስፍራ ደግሞ በቾፉ ከተማ ቶቢታክዩ በተባለ ቦታ በመታሰቢያ ተመልክቷል፤ ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ባቡር ይደረሳል። በተለመደው የጉብኝት መርሐ ግብር ውስጥ ስለማይገኝ ራስዎ ካልጠየቁ ማንም አይወስድዎትም። እኔ ብሆን ለእናቴ ስል ያናካን እንኳ ትቼ ይህንን አስቀድም ነበር።

ስለ ቅጥሩ፦ እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሰውም በክፍያ ማስጎብኘት ይችላል፤ በመንግሥት ፈተና ያለፈ ባለ ፈቃድ አስጎብኚ መሆኑን መናገር የሚችለው ግን ፈቃዱ ያለው ብቻ ስለሆነ መታወቂያውን እንዲያሳይዎት መጠየቅ ነውር የለበትም። ፈተናው ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፤ ለእናትዎ የሚተረጉሙት እርስዎ ስለሚሆኑ ጉብኝቱ ዘገምተኛ እንዲሆን አስቀድመው ይነጋገሩ። ክፍያው በሰው ነው ወይስ በቡድን? የአስጎብኚው የባቡር፣ የመግቢያና የምሳ ወጪስ በውስጡ አለ? ይህን በጽሑፍ ያግኙ። ጉርሻ መስጠት በጃፓን ልማድ አይደለም። ዋጋው ከከበደዎት ያለ ክፍያ የሚያስጎበኙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ የእነርሱን የመጓጓዣ፣ የመግቢያና የምሳ ወጪ መሸፈን ብቻ ይጠበቅብዎታል። የምትሄዱበት ወቅት የቼሪ አበባ የሚፈነዳበትና ጎብኚ የሚበዛበት ስለሆነ ግን፣ የትኛውንም ቢመርጡ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይጻፉላቸው።