«ያኔ ነገን እናውቀው ነበር»

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አጎቴ በሶቪየት ዘመን ሩሲያ ነው የተማረው። ዛሬም ከድሮ ጓደኞቹ ጋር በስልክ ያወራል። ብዙዎቹ ያንን ጊዜ ይናፍቃሉ ይለኛል። እኔ ያነበብኩት ግን ስለ ዳቦ ሰልፍና ስለ አፈና ነው። ሰው እንዴት ሰልፍ ይናፍቀዋል? እርስዎ እዚያ ስለኖሩ ነው የጠየቅኩዎት።
ሄ. ከሐዋሳ

መልስ፦
ልጄ፣ ሰልፍ የናፈቀው ሩሲያዊ እኔም አላጋጠመኝም። የሚናፍቁት ሌላ ነገር ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

ከ1989 እስከ 1996 ቮሮኔዥ በምትባል የሩሲያ ከተማ ነበርኩ፣ ግብርና እየተማርኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1991 የላከን መንግሥት ግንቦት ላይ ወደቀ። የተቀበለን መንግሥት ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ፈረሰ። እኔም አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ቤት ገባሁ። ባቡሽካ እላቸው ነበር፣ አያቴ ማለት ነው። የኪራዬ ግማሽ ጉልበቴ ነበር፤ ከከተማ ውጭ ያለችውን የድንች መሬታቸውን እቆፍር ነበር።

ባቡሽካ ለቀብራቸው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንክ አስቀምጠዋል። እንደኛ እድር የላቸውም። ለሰው ሸክም ላለመሆን ሬሳ ሣጥኑንም ጉድጓዱንም ራሳቸው ሊከፍሉ ነው። ጥር 2 ቀን 1992 መንግሥት የአብዛኛውን ዕቃ ዋጋ መተመኑን ትቶ ለገበያ ለቀቀው። ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋ በአማካይ 26 እጥፍ ገደማ ሆኗል። አንድ ቀን የቁጠባ ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያዩት ደረስኩ። የቀብራቸው ገንዘብ የጥቂት ኪሎ ቋሊማ መግዣ ሆኖ ነበር። አላለቀሱም። «ያኔ ነገን እናውቀው ነበር» ብቻ አሉኝ።

ናፍቆቱ ይኼ ነው። ደመወዝ መቼ እንደሚገባ፣ ዳቦ ነገ ስንት እንደሚሆን፣ ልጅ ተምሮ የት እንደሚቀጠር ማወቅ። ሌቫዳ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ማዕከል በ2018 ሲጠይቅ 66 ከመቶው በሶቪየት መፍረስ አዝናለሁ ብሏል። ቁጥሩን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ደብተር ነው።

ግን እዚያው ቤት ሌላም ድምፅ ነበር። ልጃቸው ኢንጂነር ናት። ፋብሪካዋ አራት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ቆይቶ በመጨረሻ ድስት ሰጣት። አዎ፣ ድስት! ያን ጊዜ በየቦታው እንዲህ ነበር፤ ብርጭቆ ፋብሪካ በብርጭቆ ይከፍላል። እሷ ድስቱን ገበያ ዳር ቆማ ሸጠች። ከዚያ መስመር መስመር ያለበትን ትልቅ ፌስታል ይዛ ኢስታንቡል እየተመላለሰች ልብስ ማምጣት ጀመረች። እንዲህ የሚነግዱትን «ቼልኖኪ» ይሏቸዋል፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ማለት ነው። አስተማሪም ሐኪምም ነበረባቸው። በ40 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ ወጣች። እናትየው «ዘረፉን» ሲሉ እሷ «ታዲያ ተመልሼ የመውጫ ቪዛ ልለምን?» ትላለች። የሚኖሩባት አፓርታማም በነፃ በስማቸው የዞረችው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ወንዶቹ ይበልጥ ተጎዱ። በ1994 የሩሲያ ወንድ አማካይ ዕድሜ ወደ 58 ዓመት ወርዶ ነበር። ከእኛ ሕንፃ በአንድ ክረምት ሦስት ጎረቤት ቀብረናል፤ ማንኛቸውም 60 አልሞላቸውም። ሥራ ሲጠፋ ቮድካው በረታ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል።

አጎትህን ስለ ድንቹ ጠይቀው። በሶቪየት ጊዜ ለሠራተኛ የሚሰጠው መሬት 600 ካሬ ሜትር ነበር። በ90ዎቹ ብዙ ቤተሰብ ያዳነው ከመንግሥትም ከገበያም በላይ ይህ ቁራሽ መሬት ይመስለኛል። ቮሮኔዥ አፈሩ ጥቁር ነው፣ እጅግ ለም። ግንቦት ላይ እንተክላለን፣ መስከረም ላይ እናወጣለን። ባቡሽካ ጎንበስ እንዳሉ ቀኑን ይውሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አላስቀመጡም። ስኳር፣ ጨው፣ ክብሪት ነው የሚያስቀምጡት። የቀብር ልብሳቸውን ገዝተው አልጋቸው ሥር ባለች ሻንጣ አኖሩ።

ነሐሴ 1998 ሩብል እንደገና ወደቀ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ6 ሩብል ተነስቶ 20 ገደማ ገባ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ደንግጬ መስከረም ላይ ደወልኩላቸው።

«ባቡሽካ፣ እንዴት ሆናችሁ?»

«ድንቹን አስገብተናል» አሉኝ። ከዚያ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ።